ቀንዱ ያላማረ ሁሉ ይገደል?

ቴክሳስ ውስጥ አንድ ወንድ አጋዘን ዓመት ተኩል ሲሞላው ፈተና ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያ ቀንዱ ቅርንጫፍ ሳያወጣ እንደ ሹል እንጨት ቀጥ ብሎ ከበቀለ፣ ብዙ ባለርስቶች «ዘሩ ደካማ ነው» ብለው ይፈርዱበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥይት ነው።

በነገራችን ላይ ይሄ ነጭ ጅራት አጋዘን እኛ አጋዘን ከምንለው ይለያል። የሱ ቀንድ በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል፤ የኛው ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ነው።

ነገሩ ቢዝነስ ነው። ቴክሳስ ውስጥ አብዛኛው መሬት የግል ስለሆነ ባለርስቱ የአደን መብት ይሸጣል፤ ቀንዱ በተለቀ ቁጥር ዋጋውም ይንራል። ታዲያ ቀንደ ትንሹን አስወግዶ ቀንደ ትልቁን ለዘር ማስቀረት ምን ክፋት አለው? ገበሬስ ምርጥ ዘር ይመርጥ የለ? ከር በተባለው የግዛቱ የዱር እንስሳት ጣቢያ ከ1974 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተካሄደው ምርምርም የቀንድ ቅርፅ እንደሚወረስ አሳይቷል። ግን ያ የታየው በአጥር ውስጥ፣ ወላጆቻቸው በሚታወቁና መኖአቸው በሚቆጣጠሩት እንስሳት ላይ ነው።

ሜዳ ላይ ሲሞከርስ? ደቡብ ቴክሳስ ኮማንቼ በተባለ ሰፊ ርስት፣ ከ2006 ጀምሮ ተመራማሪዎች አጋዘኖቹን በሄሊኮፕተር እያሳደዱ በመረብ ይይዙ፣ ቀንዳቸውን ይለኩ ጀመር። አንዱ ክልል ላይ መስፈርቱን ያላሟላ ሁሉ ተገደለ፣ ሌላው ላይ በመጠኑ፣ ሦስተኛው ላይ ማንም አልተነካም። ከዓመታት በኋላ ጥብቅ ግድያ የተካሄደበት ክልል ቀንድ አላደገም። ያደገ ነገር ቢኖር የወንዶቹ እጥረት ነው።

ለምን? አንደኛ፣ የልጁ ዘር ግማሹ ከእናቱ ነው፤ እሷ ደግሞ ቀንድ ስለሌላት ምን እንደያዘች ዓይተህ አታውቅም። ሁለተኛ፣ ዝናብ። ድርቅ ባለበት ዓመት ቀንድ ያንሳል፣ መስፈርቱ ግን አይቀነስም፤ ስለዚህ ብዙ ወንድ ይወድቃል። የተገደለው በዘሩ ሳይሆን በሰማዩ ምክንያት ነው ማለት ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ያናድዳል፦ ዕድሜ። የዚህ አጋዘን ቀንድ ሙሉ የሚሆነው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ ነው። በዓመት ተኩሉ የገደልከው፣ ብትታገሰው ምን ይሆን እንደነበር ማን ያውቃል?

ኢኮኖሚክስ ስንማር ጫጫታ የበዛበት ምልክት የምንለው ይሄንን ነው። ለመለካት ስለሚቀል ብቻ የሚለካ ነገር። ባለርስቱ ለሄሊኮፕተርና ለጥይት የሚያወጣውን ለመኖና ለትዕግስት ቢያውለው፣ በኔ ግምት፣ የተሻለ ቀንድ ያገኝ ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ስጋቱ ተገልብጦ ይጠብቀናል። የደጋ አጋዘን፣ ያ አሥር ሳንቲም ላይ ያለው፣ ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ውጪ የትም የለም፤ የመጥፋት አደጋም ላይ ነው። በሕጋዊ የአደን ቀበሌዎች የውጭ አዳኝ ከፍሎ የሚተኩሰው ደግሞ ትልቁን ቀንድ ፈልጎ ነው። ቴክሳስ ትንሹን ይገድላል፣ እኛ ትልቁን እንሸጣለን። ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ራም ተራራ ላይ ባሉ የዱር በጎች የተደረገና በ2003 የታተመ ጥናት፣ በ30 ዓመት ገደማ ትልልቅ ቀንድ ያላቸው ወንዶች ስለታደኑ የመንጋው ቀንድ እያጠረ መሄዱን አሳይቷል። እዚያ ከባድ ቀንድ ያለው በግ የሚገደለው ብዙ ልጅ ሳይወልድ ገና በወጣትነቱ ነበር።

አደኑ ይቁም እያልኩ አይደለም፤ ገንዘቡ ለጥበቃና ለአካባቢው ሕዝብ ከደረሰ ጥቅም አለው። ግን ፈቃድ ሲሰጥ የሚጠየቀው የቀንድ ርዝመት ከሆነ አንገዛም። አርጅቶ የመራቢያ ጊዜውን ያለፈ ወንድ ብቻ ይታደን፤ ከተገደለም በኋላ ዕድሜው በባለሙያ ይረጋገጥ፤ ወጣት ሆኖ ከተገኘ የዚያ አስጎብኚ ድርጅት የሚቀጥለው ዓመት ኮታ ይቀነስ።