ሮቦቱ ከመምጣቱ በፊት ደብተሩ ይታይ

ማራኪ ግቢ እያለን አካውንቲንግ ትማር የነበረች ጓደኛዬ አሁን እዚሁ ጎንደር በአንድ የጅምላ መደብር የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ባለሱቆች ዕቃ ወስደው በባንክ ወይም በቴሌብር ይከፍላሉ፤ የከፈሉበትን ስክሪንሾት በቴሌግራም ይልካሉ፤ እሷ ቁጥሩን ከስልክ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ኤክሴል፣ ከኤክሴል ወደ ፒችትሪ ትገለብጣለች። አንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው። በቀደም አለቃዋ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ «ይሄን ሁሉ በደቂቃ የሚጨርስ ሮቦት አለ አሉ» ብለዋታል። ማታ ደወለችልኝ። እየሳቀች ነበር፣ ጥያቄዋ ግን የምር ነው፦ «እኔስ?»

ይህ ሮቦት እጅና እግር የለውም። ሰው ኮምፒውተር ላይ የሚደጋግመውን፣ ማለትም ፋይል መክፈት፣ ቁጥር መቅዳት፣ ሌላ ቦታ መለጠፍ፣ ማስቀመጥ፣ በተነገረው ቅደም ተከተል የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። በዘርፉ ስሙ የገነነው ዩአይፓዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ሩማንያ፣ ቡካሬስት የተመሠረተ ኩባንያ ነው። የነገሩ ማራኪነት ነባሩን ሲስተም ሳያፈርሱ ከላዩ ላይ ማሠራት መቻሉ ነው። ችግሩም እዚያው አለ፦ የተነገረውን ብቻ ያውቃል።

አለቃዋን አስፈቅዳልኝ ሦስት ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ የምትሠራውን አንድ በአንድ ጻፍኩ። ድርጅቶች ሮቦት ሲያስገቡ የመጀመሪያው ደረጃ ይኸው ነው፤ ብዙዎች ዘለውት የሚያልፉትም ይሄንኑ ነው። ሻጩ የሚያሳየው የመጨረሻውን፣ ቁጥሮቹ በራሳቸው ሲሮጡ የሚታይበትን ስክሪን ስለሆነ ማን ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ ይቀመጣል?

በሁለተኛው ቀን ደብተሩን ማን እንደሚያነበው ጠየቅኋት። ዝም አለች። ለካ ማንም አያነበውም! ከዓመታት በፊት መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግል ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሲመዘገብ ኖሯል። እንግዲህ ሮቦቱ ቢገዛ ኖሮ ማንም የማያነበውን ደብተር በኮምፒውተር ቋንቋ እንዲሞላ እናስተምረው ነበር ማለት ነው።

የባሰው ደግሞ ልዩ ሁኔታው ነው። በዚያን ዕለት ከመጡት 47 ክፍያዎች 14ቱ ከደንቡ የወጡ ነበሩ። የዳባቱ ባለሱቅ በወንድሙ አካውንት ይልካል። ሌላው የሁለት ደረሰኝ ሒሳብ ባንዴ ያስገባና «ቀሪውን ቅዳሜ» ይላል። ጓደኛዬ ማን የማን ወንድም እንደሆነ ስለምታውቅ ሳትጨነቅ ታስተካክላለች። ይህ እውቀት የትም አልተጻፈም። ጭንቅላቷ ውስጥ ነው ያለው። ሮቦት ሲገባ ወይ ይጻፋል፣ ወይ ይጠፋል።

ማሽን ያልተስተካከለ ደንብ ሲይዝ ምን እንደሚሆን አገሩ ሁሉ አይቶታል። መጋቢት 6 ለ7፣ 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሰዎች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጡና እንዲያዛውሩ ፈቀደ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስልክ ተዳረሰ፤ ተማሪው በኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ የራሴ የሲስተም ችግር ነው አለ። ያለአግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነም ኋላ ተናገረ፤ አብዛኛውንም አስመለሰ። እርግጥ ያ የባንክ ዋና ሲስተም እንጂ እኔ የማወራለት ዓይነት ሮቦት አልነበረም። ግን የመስኮት ገንዘብ ከፋይ ቢሆን ሦስተኛው ሰው ላይ «ቆይ እስቲ» ይል ነበር። ማሽን ቆይ እስቲ አይልም። ለዚህ ነው ሙከራው ከአንድ ትንሽ ሥራ መጀመር ያለበት፤ ለዚህ ነው ሮቦቱና ሰውየው ቢያንስ አንድ የወር መዝጊያ እስኪያልፍ ጎን ለጎን ሠርተው ውጤታቸው መመሳከር ያለበት። ሮቦቱ ያልገባውን ወደ ማን እንደሚልክም አስቀድሞ በስም መታወቅ አለበት። «አይቲዎቹ ያዩታል» መልስ አይደለም።

አሁን ወደ ተማርኩት ልግባ። የታወቁት ሶፍትዌሮች ፈቃድ በየዓመቱ የሚከፈል ነው፣ ያውም በዶላር። የጓደኛዬ ደሞዝ ግን በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር፣ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ሮቦቱ በአንድ ጊዜ እጥፍ ተወደደ፤ የሷ ደሞዝ በዶላር ሲታይ ደግሞ እጥፍ ረከሰ። ኒው ዮርክ ላይ ሠራተኛ ቀንሶ ሮቦት መቅጠር የሚያዋጣው ሒሳብ ጎንደር ላይ ተገልብጦ ነው የሚገኘው። በነጻ የሚገኙ ሶፍትዌሮች አሉ፣ እውነት ነው፤ የሚያስተካክላቸው ባለሙያ ግን በነጻ አይገኝም። ኔትወርኩንም አትርሱ። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ከርሟል። ያን ጊዜ ይህ መደብር ያልተዘጋው ያ የምንስቅበት ደብተር ስለነበረ ነው። (ስለዚህ ደብተሩን አትጣሉት፤ መዝጋቢው ግን ኔትወርክ በጠፋ ቀን ብቻ ይሁን።)

«እኔስ?» ላለችው መልሴን ሳልደብቅ ነገርኳት። ለአሁኑ አንቺን ማሰናበት አያዋጣቸውም፤ የሚያዋጣቸው ከመገልበጥ አውጥተው ዱቤ ክትትል ላይ ቢያስቀምጡሽ ነው። የዚያ መደብር ትልቁ ኪሳራ የቁጥር ስህተት ሳይሆን ያልተሰበሰበ ዱቤ ነውና። የሚያሳስበኝ ከኋላዋ ያለችው ናት። ዘንድሮ ከማራኪ የምትመረቀው ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋ ይኸው መገልበጥ ነበር፤ ማን የማን ወንድም እንደሆነ የምትማረውም እሱን ስትሠራ ነው። የዚያች ልጅ ማስታወቂያ አንድ ቀን ሳይወጣ ይቀራል፤ ማንም ስላልተባረረ ማንም አይቆጥረውም።

አለቃዋ ሮቦቱን ለጊዜው ትተውታል። በምትኩ ለባለሱቆቹ ሁሉ «ስትከፍሉ የደረሰኝ ቁጥር ጻፉ» የሚል መልእክት ተልኳል። ግማሾቹ ጀምረዋል። የዳባቱ ሰውዬ «እሺ እህቴ» ብሎ መለሰና፣ በማግስቱ በወንድሙ አካውንት ከፍሎ ስክሪንሾቱን ብቻ ላከ።