ስንት ሰው ሞተብህ?

ነቀርሳን ከነሥሩ ነቅዬ አወጣለሁ የሚል ሁሉ አስቀድሞ ይህን ይመልስልኝ፦ ስንት ሰው ሞተብህ? የዳኑትንማ ሳንጠይቀው በድምፅ ማጉያ ይዘረዝርልናል። እዚህ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ አንዱ ጠርሙስ ለስኳርም፣ ለደም ግፊትም፣ ለኪንታሮትም፣ ለነቀርሳም ይሸጣል። በሽታው አራት፣ መድኃኒቱ አንድ! እንዲህ የሚል ሰው ውሸታም ነው፤ ለስላሳ ቃል አልፈልግለትም።

በገዢው አልፈርድም። ጡቷ ላይ እብጠት የዳሰሰች የመርሐቤቴ ሴት የጀማን ገደል ተሻግራ አዲስ አበባ መግባት፣ የሚያስጠጋት ዘመድ መፈለግ፣ ጥቁር አንበሳ ደግሞ ለጨረር ሕክምና ወረፋ መጠበቅ አለባት። ጠርሙሱ ግን ደጇ ድረስ ይመጣላታል። አክስቴን ያሳጣን ይኸው ነው። «መርፌ ከነካው ይሠራጫል» ብለው አስፈራሯት፤ ናሙና ሳትሰጥ ቅጠል እየተለጠፈላት ከረመች። ሐኪም ፊት ስትቀርብ ነቀርሳው አጥንቷ ገብቶ ነበር።

«የአባቶቻችንን መድኃኒት ናቅህ» ይሉኛል። እንዴት እንቃለሁ? አጥራችን ላይ የሚበቅለውን እሾሃሙን አጣጥ የማያውቅ የለም። ከዚህ ከአጣጥ ወገን፣ ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ተክል ነው አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ማውጣታቸውን ያሳወቁት። አይጥ ላይ የደም ካንሰርን ገታ። የኛ ሰውዬ ቢሆን በማግሥቱ ጠርሙስ መሙላት ይጀምር ነበር። ሰው ላይ ሲሞከር መርዙ በረታ፣ ጥቅሙ አነሰ፤ ተመራማሪዎቹም ሽንፈታቸውን ጽፈው አስቀመጡት። ከዓመታት በኋላ ነው የዚያን ንጥረ ነገር ውላጅ፣ የካንሰሩን ሴል ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ጋር አጣምረው ካድሳይላ የተባለውን መድኃኒት የሠሩት። ሄር2 የሚባለው ፕሮቲን የበዛበት የጡት ካንሰር ተሠራጭቶባቸው የነበሩ 991 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ አዲሱን፣ ገሚሱ ነባሩን ሕክምና ወሰደ። ነባሩን ከወሰዱት ግማሾቹ የኖሩት እስከ 25.1 ወር ነበር፤ አዲሱን በወሰዱት ዘንድ ይህ ልክ ወደ 30.9 ወር ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ።

አርባ ዓመት ተለፍቶ ስድስት ወር እንኳ ያልሞላ ጭማሪ! እነዚያ ሰዎች ግን «አዳንን» አላሉም። የትኛው ካንሰር፣ ስንት ሰው፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ፣ ስንት ወር እንደሆነ ተናገሩ፤ የሞተባቸውንም ቆጠሩ። እኔ የማምነው እንዲህ የሚናገረውን ነው።

አጋምም አጥራችን ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታንዛኒያው ሎሊዮንዶ አካባቢ ነዋሪ የሆኑት ጡረተኛ ፓስተር አምቢሊኪሌ ምዋሳፒሌ የአጋምን ሥር ቀቅለው አንዱን ስኒ በ500 ሽልንግ አጠጡ፤ ለኤች አይ ቪም ለስኳርም ለካንሰርም ይሆናል ተባለ። ሕዝብ እንደ ጎርፍ ተመመ፤ ሹማምንትም ጠጡ፤ ብዙ በሽተኞች ሰልፍ ላይ እያሉ ሞቱ። የዳነውንና የሞተውን ማን መዘገበ?

«እገሌ ድኗል» የሚለኝ ሰው እገሌ ካንሰር እንደነበረበት በናሙና ተረጋግጦ እንደሆነ ያሳየኝ። ቀድሞ ቀዶ ሕክምና ወይም ኬሞ ወስዶ እንደነበርም አይደብቀኝ። «ላብራቶሪ አረጋግጦታል» የሚለውም አያታልለኝ፤ ብርጭቆ ውስጥ ያለ የካንሰር ሴል በበረኪናም ይሞታል። በሃይማኖት የሚመጣብኝም አለ። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እኮ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። መድኃኒት ጣሉ የሚለውን ነጋዴ ታዲያ ማን ላከው?

ከነጋዴው ይልቅ የሚያንገበግበኝ የማስታወቂያ ገንዘብ ተቀብሎ ድምፁን አገር ለአገር የሚያደርስለት ጣቢያ ነው። እናንተ ጋዜጠኞች፣ «ዳንኩ» እያለች በስቱዲዮአችሁ ያለቀሰችውን ሴት ከዓመት በኋላ ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ ፈልጓት። በሕይወት ካለች የናሙና ውጤቷን ይዛችሁ አቅርቧት። ከሞተችም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፕሮግራም ሞቷን ንገሩን።