የሙከራውን ዋጋ ማን ይክፈል?

በዓል ሲቃረብ ስልካችን ላይ የሚበዛው ነገር ይታወቃል፤ የሀበሻ ልብስ። ቲክቶክ ላይ አንዷ ዞር ስትል ጥልፉ ከጀርባዋ ብቅ ይላል። ቪዲዮውን ቆም እናደርጋለን፣ ስክሪንሾት እናነሳለን፣ ከዚያ ለምናውቀው ልብስ ሰፊ በቴሌግራም እንልካለን። “ይሄንን አስመስለህ ሥራልኝ፤ ዋጋው ግን ይቀነስ።” አለቀ። ያ ጥልፍ እዚያ ጀርባ ላይ ከማረፉ በፊት ስንት ጊዜ ተጠልፎ ስንት ጊዜ እንደተፈታ የሚጠይቅ የለም።

እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና አመል ሆኖብኝ ይህችን ጥያቄ መተው አልቻልኩም። አዲስ ልብስ ሁለት ወጪ አለው፤ አንዱ የመሥሪያው፣ ሌላው የመሞከሪያው። የመሥሪያውን ሁላችንም እንከፍላለን። የመሞከሪያውን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ራሱ ሞካሪው ነው። ይሄ ካልተስተካከለ የምንወደው አዲስ ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ይቆማል ባይ ነኝ።

ነገሩን በአንዲት ልጅ ሥራ እንየው። የጓደኛዬ ታናሽ እህት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቴክስታይልና ፋሽን እየተማረች የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሳለች። ለመመረቂያ ሥራዋ የመረጠችው በእጅ በተፈተለ ጥጥ ላይ ቀለምና ጥልፍ መሞከር ነው።

ከቀለም ጀመረች። የመጀመሪያው እርድ ነበር። እርድ ጥጥን ወዲያው ይይዛል፤ ቢጫው ዓይን ይስባል። ግን ፀሐይ አይችልም። የናሙናውን ግማሽ በካርቶን ሸፍና መስኮት ላይ ሰቀለችው፤ ትንሽ ቆይታ ስታየው ያልተሸፈነው ግማሽ ገርጥቷል። ቀጥሎ የሽንኩርት ልጣጭ መጣ። ጨርቁ አስቀድሞ አሉም በሟሟበት ውሃ ከተዘፈዘፈ፣ ልጣጩ ወርቅማ ቀለም ይሰጣል፤ አሉሙ ቀለሙን ከጥጡ ጋር የሚያያይዝ አስታራቂ ነው። በዚያው ላይ የዛገ ምስማር የከረመበት ውሃ ጠብ ስታደርግበት ወርቅማው ወደ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ዞረ። የአቮካዶ ፍሬ ሲቀቀል ደግሞ፣ ማን ያምናል፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ያወጣል። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ ስንት ግራም እንደገባ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈላ፣ ስንት ጊዜ እንደታጠበ የሚናገር ቁራጭ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ አያይዛለች። እኛ የወጥ ቤት ጨዋታ የሚመስለን ነገር ለእሷ ላብራቶሪ ነው።

ከዚያ ወደ ጥልፉ ገባች። እዚህ ላይ ችግሩ ባሰ። ፈትል ሸማ ስስ ነው፤ ክሩም ላላ ያለ ነው። ጠበቅ አድርጋ ስትጠልፍ ጨርቁ ዙሪያውን ተሸበሸበ። ስታላላው ክሩ ተንጠለጠለ። ከስር ወረቀት አድርጋ ሞከረች፤ ተሻለ፣ ግን ወረቀቱ ሲቀደድ አንዳንዱን ክር ይዞ መጣ። በመጨረሻ ከስር ሌላ ስስ ጨርቅ ደርባ፣ ጥልፉንም አራርቃ ሠራችው። አሁን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ቀላል እንዲመስል ያደረገው ግን መሳቢያዋ ውስጥ ያለው የተበላሸ ጨርቅ ነው።

የልብሱም ሐሳብ እንደዚያው ተለፍቶበታል። የለመድነው ጥልፍ ከአንገት ጀምሮ በደረት ወደ ታች ይወርዳል። እሷ ከአንድ ትከሻ አስነስታ በጀርባ አዙራ ወገብ ላይ ጨረሰችው። ቀለሙን ከድንጉዛ ወሰደች፤ ጋሞዎች ከሚለብሱት ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ። ግን እንዳለ አልደረደረችውም፤ ቀዩን ወደ ሸክላ መልክ አበረደችው፣ ቢጫውን ወደዚያ የሽንኩርት ወርቅማ። ልብሱ ከጋቢ የተሠራ ጃኬት ነው፤ ከጂንስ ጋር ተለብሶ ሰኞ ሥራ የሚኬድበት። ለበዓል ብቻ ከቁም ሳጥን የሚወጣ አይደለም።

ጠርዙ ላይ የሚገባውን ጥለት ለማሠራት ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ዘንድ ሄደች። የቀለሙን ቅደም ተከተል የሳለችበትን ወረቀት አየት አድርገው፣ “ልጄ፣ ይሄን ማን ይለብሰዋል?” አሏት። “እኔ እለብሰዋለሁ አባባ” አለች። ሳቁና ቁም ነገሩን ነገሯት። ለሁለት ሜትርም ይሁን ለሃያ ሜትር ድሩን ማዘጋጀት ልፋቱ ብዙ አይለይም። ቀለሙ በየመሃሉ ሲቀያየር ደግሞ ማግ የሚወረውረው እጅ በየመሃሉ ይቆማል። እሳቸው የሚከፈላቸው በሠሩት ቁጥር ነው፤ እጃቸው ለቆመበት ሰዓት የሚከፍል የለም። “እሞክርልሻለሁ፤ ግን የሙከራው ቀን የእንጀራዬ ቀን ነው” አሏት። ትክክል ናቸው። የሁለት ቀን ሒሳብ ከፍላ አሠራች።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የማስቀምጠው። ቀለሙ፣ ክሩ፣ የተበላሸው ጨርቅና የሸማኔው ቀን ተደምሮ ሙከራው 20,000 ብር ፈጀ እንበል። ከዚያ በኋላ አንዱን ጃኬት ለመሥራት 4,000 ብር ይበቃል እንበል። 10 ጃኬት ብቻ ከሸጠች የሙከራው ድርሻ በእያንዳንዱ ላይ 2,000 ብር ይሆናል፤ ሳታተርፍ 6,000 ብር መጣ ማለት ነው። 100 ከሸጠች ግን ድርሻው 200 ብር ብቻ ነው፤ ዋጋው ወደ 4,200 ይወርዳል። ፎቶውን አይቶ የገለበጠው ሰው ደግሞ ምንም ስላልሞከረ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በ4,000 ብር ይሠራል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው። እኛ የእሷን 6,000 እና የእሱን 4,000 ጎን ለጎን አይተን “ዲዛይነሮች እኮ ሲበሉን ነው” እንላለን። እሷን ርካሽ ሊያደርጋት ይችል የነበረው ብዛት ነው፤ ገልባጩ የሚወስድባት ደግሞ ያንኑ ብዛት ነው። ስለዚህ 10 ላይ እንደቆመች ትቀራለች። ሁለተኛ ሙከራ የምትጀምርበት ገንዘብ አይኖራትም። የሚቀጥለው ዓመት በዓል ሲመጣ እኛም “ዘንድሮ አዲስ ዲዛይን የለም እንዴ?” ብለን እናማርራለን።

ገልባጩ የሰፈር ልብስ ሰፊ ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር፤ ገንዘቡ ቢያንስ እዚሁ ይዞራል። ጥለት አስመስሎ የታተመ ጨርቅ ከውጭ በጥቅል እየገባ ነው። እሱ ላይ ሸማኔም ፈታይም ጠላፊም የለበትም። ፎቶ ላይ ያው ይመስላል። ሸማኔው አባባ ከማሽን ጋር በዋጋ ይወዳደሩ ማለት አይቻልም። የሚወዳደሩት ማሽኑ ገና ያልደረሰበትን ነገር ሲሠሩ ነው፤ ያንን የሚያመጣው ደግሞ ሙከራ ነው።

“ይሄ የጥቂት ፋሽን ወዳዶች ጉዳይ ነው” የሚል ካለ ወደ ትልቁ ሥዕል ልውሰደው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ተስፋችን የልብስ ስፌት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ባወጣው ሪፖርት፣ የአገራችን የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ሆኖ ከዓለም ዝቅተኛው ተባለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካው የአጎዋ ዕድል ወጣን፤ በእሱ ላይ ተደግፈው የነበሩ ሥራዎች ተናጉ። የሌላ አገር ሰው የነደፈውን በርካሽ እጅ መስፋት፣ ሌላ ሰው በሚዘጋው በር ላይ ቤት እንደመሥራት ነው።

በሌላ በኩል ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችውን “ለምለም” ተመልከቱ። ኢትዮጵያዊ ሸማኔዎች በእጃቸው የሸመኑት ልብስ ውጭ አገር በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ጥጡ ያው ጥጥ ነው፤ ሽመናውም ያው ሽመና ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቀለሙ፣ ቅርጹና ስሙ ነው። ባሕር ዳር ላይ ራሱን የቻለ የቴክስታይልና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለን ሰዎች ነን፤ ሙያውን የሚማር ልጅ አላጣንም። የጎደለው ልጁ ተመርቆ ሲወጣ ሙከራውን የሚገዛ ሰው ነው። እኔ ከማውቃቸው ሁለት የዘርፉ ተመራቂዎች አንዷ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ትቆጥራለች፤ ሌላው ፋብሪካ ገብቶ የተነቀለ ቁልፍ ይፈትሻል። ሥራ ክቡር ነው። ግን ለዚህ አይደለም የተማሩት።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ክርክር አለ። ባህል የጋራ ነው፤ ጥለት ሲገለበጥ ነው እዚህ የደረሰው። ልጅቷም ራሷ ድንጉዛን ከጋሞ ወስዳ የለም ወይ? ልክ ነው፤ ወስዳለች። ድንጉዛ የእሷ አይደለም፤ እሷም የእኔ ነው አላለችም። እሷ የጨመረችው የጥልፉን አካሄድ፣ የቀለሙን አበራረድና የጃኬቱን ቅርጽ ነው። ከጋራ ማሰሮ መቅዳት አንድ ነገር ነው፤ ጎረቤት ሠርቶ ያስቀመጠውን ሳህን አንስቶ መሄድ ሌላ ነው። እርግጥ ይሄ እሷንም ያስገድዳል፤ ከየት እንደወሰደች ትናገር፣ ለሸማኔውም በአግባቡ ትክፈል። ሁለቱንም አድርጋለች፤ ለዚህም ነው ስለ እሷ ለመጻፍ የደፈርኩት።

“ኑሮው ተወዷል፤ ከየት አምጥቼ ነው 6,000 የምከፍለው?” ለሚለው ደግሞ መልስ የለኝም አልልም። የሌለንን ክፈሉ አላልኩም። ግን የምንችለው አለ።

አንደኛ፣ ትንሹን ግዙ። ጃኬቱ ካልተቻለ ያው ጥልፍ ያረፈበት ሻርፕ ወይም ቦርሳ ይኖራል። ከላይ ያየነው ሒሳብ ለእሱም ይሠራል፤ ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ሲገዛ የሙከራው ወጪ ይከፋፈላል።

ሁለተኛ፣ ስክሪንሾቱን ለሰፊው ከመላካችሁ በፊት ለሠራችው ልጅ ሜሴጅ ላኩ። “ጥልፉ ቀለል ብሎ በዚህ ብር ይሠራልኛል?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ፤ ሳይጠየቁ ነው የሚታለፉት።

ሦስተኛ፣ ለብሳችሁ ስትለጥፉ ስም ጥቀሱ። የዲዛይነሯንም፣ ከተቻለ የሸማኔውንም። ስም ገንዘብ ነው። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ ቡና ስሞችን በንግድ ምልክትነት ለማስከበር አገራችን ከስታርባክስ ጋር ስትከራከር ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2007 የተስማማችው ለዚሁ ነው። ቡናው ያው ነው፤ ስሙ ግን ዋጋ አለው።

አራተኛው ለሞካሪዎቹ ነው። አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኢንዱስትሪ ንድፍን ማስመዝገብ ይፈቅዳል፤ ጥበቃው ለአምስት ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ሊታደስ ይችላል። ሁሉንም ናሙና አስመዝግቡ አልልም፤ ይሸጣል የምትሉትን አንዱን ግን ከመለጠፋችሁ በፊት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዳችሁ ጠይቁ። የሙከራችሁንም ማስታወሻ ቀን እየጻፋችሁ ያዙ፤ ነገ “የእኔ ነው” ለማለት ከፎቶ ይልቅ እሱ ይረዳል።

የመጨረሻው ለዩኒቨርሲቲዎች ነው። የመመረቂያ ልብሱ መድረክ ላይ ታይቶ፣ ተጨብጭቦ ያልቃል። የከሸፉት ናሙናዎች ግን የት ይገባሉ? እርድ ፀሐይ እንደማይችል ያወቀችው ልጅ ወረቀቷን ይዛ ከወጣች፣ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ያንኑ እርድ ገዝቶ ያንኑ መስኮት ላይ ይሰቅላል። አንድ መደርደሪያ፣ አንድ መዝገብ፣ የተሳካውም ያልተሳካውም ናሙና የሚቀመጥበት ቢኖር ትልቅ ቁጠባ ነው። አንዴ የተከፈለበትን ሙከራ በየዓመቱ እንደገና መክፈል የለብንም።

እንግዲህ የሚቀጥለው በዓል ሩቅ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያቺ የምታምር ጥልፍ ብቅ ስትል ስክሪንሾቱን አንሱት፣ ችግር የለም። ግን ቀጥሎ ለማን እንደምትልኩት አንዴ አስቡበት። ቸር እንሰንብት!