«ዕድሜ ነው» ይሉናል፤ መለኪያውስ የታለ?

እንበልና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሚዛን ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። ሰው ሁሉ ብርድ ልብሱን ስቦ ተኝቷል፤ አንዲት እናት ግን በላብ ተጠምቃ ትባንናለች። ልቧ ይደልቃል። የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ የወር አበባዋም ከመጣ ወራት አልፈዋል። ላቡ ከየትኛው ነው?

እሷ አታውቅም። እኛም አጠገቧ ብንሆን በዓይን አይተን አንለየውም። ስኳር ሲወርድም፣ የማረጥ ሙቀት ሲነሳም ያልባል፣ ልብም ይመታል። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት አለባት፤ ችላ ካለችው ራሷን ልትስት ትችላለች። የማረጥ ሙቀት ከሆነ ደግሞ ያው ስኳር ያለ ቦታው ገብቶ የጠዋቱን ልክ ያንረዋል። የሚለያቸው አንዲት የጣት ደም ጠብታ ናት። በተለይ ኢንሱሊን ለምትወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ ለምትውጥ ሴት ነገሩ ጨዋታ አይደለም።

ታዲያ ይህን ሄዳ ብትናገር ምን ትባላለች? «ዕድሜ ነው እናቴ፣ ይለመዳል።»

ይህችን መልስ ጠልተናታል! ዕድሜ መሆኑንማ እሷም ታውቃለች። ያልተነገራት ሌላ ነው። ኤስትሮጅን ሲቀንስ ሰውነቷ ለኢንሱሊን እንደ ድሮው ላይታዘዝ ይችላል፤ ስቡ ወደ ሆድ ይሰበሰባል፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመላለሳል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ራሱ ስኳሩን ያናጋል። ለዓመታት የበቃት መድኃኒት አሁን ላይበቃት ይችላል። ስለዚህ መጠኑን ከሐኪም ጋር እንደገና ማየት እንጂ ማጽናኛ አልፈለገችም።

ወደ ራሳችንም እንምጣ። እኛ ተምረናል የምንለው ልጆቿ ሞባይል እንገዛላታለን፣ ለበዓል ነጠላ እንልካለን። የስኳር መለኪያ የላክን ስንቶቻችን ነን? ስለ ማረጥ እንጠይቃት ብንልማ ምላሳችን ይተሳሰራል፤ ነውር ነዋ! በዚያ ላይ የቡና አገር ሰዎች ነን። ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ሲኒ፣ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር፤ «ይቅርብኝ» ያለች እንደ ኩሩ ትታያለች። (በቤንች የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልቶ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። እሱ ስኳር መቼ ፈለገ?) ጎደሬና ቆጮ ለምትበላ ሴት ስለ ፓስታ ማውራትም ምክር አይባልም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሲጠይቁ ኖረዋል። ትልቅ ሥራ ነው፣ አንክድም። ግን ሴት መውለድ ስታቆም ጥያቄውም ይቆማል እንዴ? «የወር አበባዎ ቆሟል? ስኳርስ አለብዎት? ሌሊት ያልብዎታል?» ይህን ለመጠየቅ የአንድ ደቂቃ ጊዜ ይበቃል። ጤና ኬላውም መለኪያ ይኑረው፤ ስትሪፕ የሌለው መለኪያ ግን ጌጥ ነው። እኛም መለኪያውን አንዴ ልከን እንዳናርፍ። ስትሪፑ ያልቃል።