ባዮጋዝ በውርጭ አገር

ኅዳር ላይ በማለዳ ደብረ ብርሃን የወጣ ሰው ሣሩን ያነጣውን ውርጭና ከየጣሪያው የሚተነውን የኩበት ጭስ ሳያይ አይመለስም። በከተማዋ ዳር እናቶች ትኩሱን እበት ከገለባ ለውሰው በባዶ እጃቸው ይጠፈጥፉታል። ሲደርቅ ከፊሉን ያነዱታል፤ ከፊሉ ገበያ ይወጣል። ስለ ባዮጋዝ ስናወራ መነሻችን እነዚህ እናቶች ናቸው። «እበቱን የባዮጋዝ ማብላያ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሩት» ስንላቸው የምንወስድባቸው ማገዶ ብቻ ሳይሆን የጨውና የበርበሬ መግዣቸውንም ነው።

ባዮጋዝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አምቦ እርሻ ኮሌጅ ውስጥ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ደግሞ ከኔፓል የተወሰደውን ንድፍ «ስንዱ» ብሎ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች አስፋፋ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያ ታቅዶ የተሠራው 8,000 ገደማ ነበር። ስሌቱ አራት ያህል ከብት ባለው ገበሬ ላይ የቆመ ነው፦ በቀን 20 ኪሎ እበት፣ ያንኑ ያህል ውኃ። ሞቅ ባለ አገር ይህ ምድጃን ለሁለት ሰዓት ያህል ያነዳል። ወጥ ያበስላል፣ ቡና ያፈላል። ከቤቱ ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚበላው የእንጀራ ምጣድ ግን በዚህ አይጠግብም።

ደብረ ብርሃን ደግሞ ሞቅ ያለ አገር አይደለችም። ያለ አየር ቆሻሻን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚወዱት ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ15 ሲወርድ ይደክማሉ፣ 10 ሲደርስ ሊያንቀላፉ ይቃረባሉ። ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ሞቃቱ አልዩ አምባ ቢወርዱ ያው ጉድጓድ ሌላ ጉድጓድ ይሆናል። በጥልቀት ቆፍሮ በገለባና በኮምፖስት መሸፈን፣ እበቱን ፀሐይ ባሞቀው ውኃ መበጥበጥ ይረዳል። ትልቅ ማብላያ ያለው ግን ከሚያመርተው ጋዝ ከፍሎ ራሱን ጉድጓዱን ማሞቅ ይችላል። የሁለት ሰዓት እሳት ያላት ጎጆ ከምኗ ትከፍላለች?

ስለዚህ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ የሰሜን ሸዋ ደጋ የባዮጋዝ የመጀመሪያ ቤቱ የገበሬው ጓሮ አይደለም እላለሁ። ቤቱ ልዩ ልዩ ትራፊ በየቀኑ የሚከመርበት ቦታ ነው፤ የተማሪዎች ምግብ ቤት፣ ቄራ፣ ሆቴል፣ የወተት ላሞች በረት።

ቅይጡ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። የእበትን ምርጥ ምርጡን ላሚቱ ቀድማ ወስዳዋለች፤ ስለዚህ የምግብ ትራፊ በኪሎ ከእበት እጥፍ ድርብ ጋዝ ይሰጣል። ብቻውን ሲገባ ግን ቶሎ ይኮመጥጥና ጋዝ ሰሪዎቹን ይገድላል። የቄራ ደምና የዶሮ ኩስ ናይትሮጅን ይበዛባቸዋል፤ ገለባ በተቃራኒው ካርቦን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አስታራቂው እበት ነው። ኮምጣጣውን ያበርዳል፣ ተሕዋስያኑንም ይዞ ይመጣል። ሊጥ ለሚያቦኩት እናቶቻችን ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፦ እበቱ እርሾ ነው፤ ለእርሾ ደግሞ የአገሩን ኩበት ሁሉ መሰብሰብ አያስፈልግም። የጠላውን፣ የአረቄውንና የቢራውን አተላ ግን አልጨምርም። አተላ መኖ ነው፤ መጀመሪያ በላሚቱ ሆድ ይለፍ።

ከጋዙ ይልቅ እኔን የሚያሳሳኝ ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ ነው። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ማሳው ከዓመት ዓመት ይራቆታል። በማብላያ ውስጥ ግን ጋዙ ወጥቶ ናይትሮጅኑ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። የገብስ ማሳ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ለኩበት ጠፍጣፊዎቹ እናቶችም መጀመሪያ ሊደርሳቸው የሚገባው የጉድጓድ ግዴታ ሳይሆን ይህ ዝቃጭ ነው፤ የጓሮ ጎመናቸውን ያብሉት።

በደብረ ብርሃን የምግብ ቤት፣ የቄራ ወይም የሆቴል ፕላን የምታጸድቁ ወገኖቼ፣ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁልን፦ ትራፊው የት ይገባል? ዝቃጩስ ለማን ማሳ ይደርሳል?