ደመወዝ ከፋዩ የት ነበር?

ወረዳ ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ አንድ ሠራተኛ ሁለት ሰው መሆን አይችልም። ጠዋት ገበሬውን ስለ ማዳበሪያ የሚያማክረው የልማት ሠራተኛ (ዲኤ)፣ ከሰዓት በኋላ አስተዳደሩ “ሕዝቡን አወያይ” ካለው ሄዶ ያወያያል። ደመወዙ ግን አንድ ነው። የዓለም ባንክ በጋምቤላ ጉዳይ ለመቀበል የተቸገረው ይህን ነው።

ነገሩ የሚነሣው ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት ነው። ደም ፈሰሰ፣ የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ፤ ለጋሾችም ለመንግሥት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። በ1998 ዓ.ም. ገንዘቡ በሌላ በር ተመለሰ። በሩ የዓለም ባንክም ገንዘብ የሚያወጣበት፣ በምሕጻሩ ፒቢኤስ የሚባለው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ነበር። በክልል በኩል ወደ ወረዳ እየወረደ የመምህሩን፣ የጤና ባለሙያውንና የልማት ሠራተኛውን ደመወዝ ሸፈነ። በዚህ ገንዘብ ትምህርት ቤት የገቡትን ሕፃናት የሚንቅ ሰው አይደለሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ 45,000 አባወራዎችን በሦስት ዓመት ውስጥ በአዳዲስ መንደሮች የማሰባሰብ ሥራ ተጀመረ። መንግሥት ሰው የሚሄደው በፈቃዱ ነው አለ፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ንጹሕ ውኃም ቃል ገባ። ወደ ኬንያና ወደ ደቡብ ሱዳን የተሰደዱ የጋምቤላ አኝዋኮች ግን በግድ መነሣታቸውን፣ እንቢ ያለ መደብደቡን፣ ለም መሬታቸውን ማጣታቸውን ተናገሩ። በመስከረም 2005 ዓ.ም. አቤቱታቸውን ለባንኩ አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ለኢንስፔክሽን ፓነል፣ አቀረቡ።

የባንኩ ኃላፊዎች መልስ አጭር ነበር፦ መንደር ማሰባሰቡ የእኛ ፕሮጀክት አይደለም፣ ፒቢኤስም አልከፈለለትም። ፓነሉ በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ግን ሁለቱ ፕሮግራሞች በሥራ የተያያዙ መሆናቸውን፣ ባንኩም ከዚህ ትስስር የሚመጣውን አደጋ በአግባቡ አለመመርመሩን አረጋገጠ። የነባር ሕዝቦች ፖሊሲውን አለመተግበሩንም ጥፋት ብሎታል። በደሉ ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለውን ግን አልፈረደም፤ ሥልጣኑ ባንኩ የራሱን ደንብ አክብሯል ወይ ብሎ መመርመር ብቻ ነው። አስቡት፤ ተደበደብኩ ያለ ሰው ድንበር ተሻግሮ አቤት ብሎ፣ የሚያገኘው መልስ ስለ ባንኩ የውስጥ ደንብ ነው።

ባንኩ የሚሸሸግበት አንቀጽ አለ። መቋቋሚያ ደንቡ፣ አንቀጽ 4 ክፍል 10፣ በአባል አገር ፖለቲካ ጣልቃ እንዳይገባ፣ ሲወስንም ኢኮኖሚን ብቻ እንዲያይ ያዛል። ሰብአዊ መብት ለረጅም ጊዜ “ፖለቲካ” በሚለው ከረጢት ውስጥ ተወርውሮ የቀረው በዚህ ነው። እኔ አልቀበለውም። ለወረዳ መዋቅር ደመወዝ መክፈል ራሱ በአገሪቱ ፖለቲካ ውስጥ መግባት ነው፤ ገበሬን ከማሳው ማንሣትም የፖለቲካውን ያህል የኢኮኖሚ ጉዳይ ነው፤ ማሳው ጎተራው ነውና።

ባንኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. አዲስ የአካባቢና ማኅበራዊ ማዕቀፍ አጸደቀ። ለሰብአዊ መብት የሰጠው ዋና ቦታ ግን መግቢያው ላይ ያለው የራዕይ መግለጫ ነው። ዓለም አቀፍ የመብት ስምምነቶችን ማክበር፣ ባንኩን በሚያስገድደው ክፍል ግዴታ ሆኖ አልተጻፈም።

ከዚህ ሁሉ እንቅልፍ የሚነሣኝ አንድ ሰው ነው። ፓነሉ ጋምቤላ ሲሄድ ያስተረጎመለት የአካባቢው ፓስተር በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ሊበር ሲል ተያዘ፤ በኋላም በፀረ ሽብር አዋጁ ተከሰሰ። አቤቱታ ሰሚ አቋቁማችሁ፣ የአቤቱታውን ቃል ያስተላለፈላችሁን ሰው ለማን ትታችሁት ሄዳችሁ? የብድር ውሉ ስለ ወለድ፣ ስለ ግዥና ስለ ኦዲት በዝርዝር ይደነግጋል። ለፓነሉ የተናገረም ያስተረጎመም ሰው ቢነካ ገንዘቡ እንደሚቆም የሚገልጽ አንድ አንቀጽ በዚያው ውል ላይ ይጻፍ፤ ተበዳሪውም ይፈርምበት።