የሰው ኮድ ሲጋራ ስሙም አብሮ ይሂድ

ኦሎምፒያ አካባቢ ባሉ ካፌዎች ላፕቶፑን ከፍቶ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ኮድ ሲጽፍ የሚውል ወጣት ብርቅ አይደለም። ገና ሥራ ላላገኘ ጀማሪ ጊትሃብ ላይ ያስቀመጠው ኮድ የሥራ ልምድ ማስረጃው ነው። ቀጣሪ «ምን ሠርተሃል?» ሲለው የሚያሳየው እሱኑ ነው።

ይኸው ኮድ ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ላይ «ሙሉ ሶርስ ኮድ በነፃ» ተብሎ በዚፕ ይለጠፋል። የጸሐፊው ስም የለም፣ የፈቃዱ ጽሑፍ ወጥቷል፣ የመጣበት ሊንክም የለም። የለጠፈው ሰው «ጀማሪዎችን ልርዳ ብዬ ነው» ይላል። ቅንነቱ እውነት ሊሆን ይችላል። የሌላውን ሰው ልፋት ስሙን ፍቆ ማደል ግን ልግስና አይባልም።

«ኢንተርኔት ላይ የወጣ ሁሉ የሕዝብ ነው» የሚለው አባባል በሕግም አይደገፍም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል። ጥበቃውን ለማግኘት ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። «ኦፕን ሶርስ» የተባለውም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው። ልል ከሚባሉት አንዱ የሆነው የኤምአይቲ ፈቃድ መቅዳትን፣ መለወጥን፣ መሸጥንም ይፈቅዳል። በምላሹ የሚጠይቀው የባለመብቱ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ ከኮዱ ጋር እንዲሄዱ ነው። ጂፒኤል ደግሞ አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሰው ማሻሻያውን በዚያው ፈቃድ እንዲከፍት ያስገድዳል። ምንም ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ መብቱ የጸሐፊው እንደሆነ ይቆያል።

ጉዳዩ የስም ብቻም አይደለም። እንደ አውሮፓውያኑ በ2021 መጨረሻ ሎግ ፎር ጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ላይ ከባድ የደህንነት ክፍተት ሲገኝ፣ እርማቱ የወጣው ከምንጩ ነበር። ምንጩን የሚያውቅ አዲሱን ወሰደ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዚፕ ይዞ የሚሠራ ሰው ግን እንዲህ ያለው እርማት መውጣቱን እንኳ ላይሰማ ይችላል። ከዚህም የባሰ አለ፦ በኮዱ ውስጥ የቦት ቶክን ተረስቶ ከሆነ፣ ባለቤቱ እስኪቀይረው ድረስ ፋይሉን ያወረደ ሁሉ ቦቱን ሊያዝበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ስህተት ያየ ሰው ለባለቤቱ በግል መንገር እንጂ ለሺዎች መበተን የለበትም።

«ዳታ ውድ ነው፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ዚፕ ይቀላል» የሚለው ክርክር ውሃ ያነሳል። መልሱ ግን ከባድ አይደለም። ፈቃዱ የሚከለክል ካልሆነ ዚፑ ይላክ፤ ከሥሩ የጸሐፊው ስም፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ ዋናው ሊንክና የተወሰደበት ቀን ይጻፍ። የተለወጠ ነገር ካለ «ይህን ለውጫለሁ» ይባል። አራት መስመር የማይሞላ ጽሑፍ ነው። ፈቃድ የሌለው ከሆነ ሊንኩን ብቻ ማጋራት ይበቃል። የግሩፕ አድሚኖችም ያለ ምንጭ የመጣን ኮድ ማንሳት ሥራቸው ሊሆን ይገባል።

በቅኔ ቤት «ዘረፈ» ማለት ከራሱ አፈለቀ ማለት ነው፤ ሙገሳ ነው። የመምህሩን ቅኔ የሚያሰማ ተማሪም የማን እንደሆነ መናገር ክብሩ ነው። በኮድ መንደር ግን ቃሉ የቀረው በተራ ትርጉሙ ነው። ስሙ በየግሩፑ እየተፋቀ የሚያይ ወጣት ቀጣዩን ሥራውን ቆልፎ ያስቀምጣል። ያኔ የሚጎዳው «ልርዳው» የተባለው ጀማሪ ራሱ ነው፤ የሚማርበት ክፍት ኮድ ያጣል።